ሞዴሌ ቅጠሉን ሳይሆን ጣቴን ነበር የሚያየው

የቡና ቅጠል በሽታ ከፎቶ የሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል መስራት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ፣ እስካሁን ስለ አኩረሲ (ከመቶው ስንቱን በትክክል እንደለየ) ብቻ ነበር የማወራችሁ። ባለፈው ሳምንት ከ100 ፎቶ 96ቱን በትክክል ለየልኝና በደስታ ጅማ ላለው አጎቴ ደወልኩ፣ እሱ ቡና ያለው ሰው ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ለመሆኑ ምኑን አይቶ ነው ታሟል የሚለው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ማታውኑ ግራድካም (Grad-CAM) የሚባል ዘዴ ሞከርኩ፣ ሞዴሉ ሲወስን ፎቶው ላይ የቱን ቦታ እንዳየ በቀለም ያሳያል፣ በጣም ያየው ቀይ ይሆናል። ዋግ የመታውን አንዱን ቅጠል ከፈትኩ፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማው ዱቄት በደንብ ይታያል፣ ቀዩ ግን እሱ ላይ የለም፣ ቅጠሉን የያዘው አውራ ጣቴ ላይ ነው! ሁለተኛውም ጣት፣ ሦስተኛውም ጣት። ለካ የታመሙትን ሁሉ ማሳ ላይ በእጄ ይዤ ነው ያነሳኋቸው፣ ጤነኞቹን ደግሞ ቤት ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ፣ ስለዚህ እጅ ካየ ታሟል ወረቀት ካየ ደህና ነው ማለት ለምዷል። የፈተንኩበትም ፎቶ እንደዛው የተነሳ ስለሆነ 96ቱ ምንም አላስነቃኝም።

በፈረንጆቹ 2016 «ላይም» (LIME) የሚባለውን፣ ሞዴል ለምን እንደዛ እንደወሰነ የሚያሳይ ዘዴ ያወጡት ተመራማሪዎች ይሄንኑ ሆን ብለው ሰርተውት ነበር፣ ተኩላና ሀስኪ ውሻ የሚለይ ሞዴል ተኩላዎቹ ሁሉ በረዶ ላይ፣ ሀስኪዎቹ ደግሞ ያለ በረዶ በተነሱ ፎቶዎች አሰልጥነው ለ27 ተማሪዎች አሳዩ። መጀመሪያ 10ሩ አመኑት፣ ሞዴሉ የሚያየው በረዶውን መሆኑ ሲታያቸው ግን 3 ብቻ ቀሩ። እኔም ያለ አጎቴ ጥያቄ አምኜው ነበር እኮ።

ፎቶዎቹን በሙሉ እንደገና አነሳሁ፣ የታመመውም ጤነኛውም ዛፉ ላይ እንዳለ፣ እጅ የለ ወረቀት የለ። አሁን 83 ነው፣ ግን ቀዩ ዱቄቱ ላይ አርፏል፣ እኔ ይሄን 83 ከዛኛው 96 እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ቀለሙ ራሱም ሊያታልል ይችላል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ጥናት የሞዴሉን ክብደቶች (ሲሰለጥን የተማራቸውን ቁጥሮች) በዘፈቀደ ቁጥር ቢቀይሯቸውም አንዳንድ ዘዴዎች ያንኑ የሚመስል ምስል ማውጣታቸውን አሳይቷል፣ ግራድካም ግን ያን ፈተና አልፏል። በኔውም ሞከርኩት፣ ክብደቶቹን ስበውዛቸው ቀዩ ከዱቄቱ ላይ ጠፋ፣ ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

አሁን የቀረኝ ጤዛ ያለባቸው ፎቶዎች ናቸው፣ ጠብታው ላይም ቀይ እያመጣ ነው። ሃያውን ከነቀለማቸው ለአጎቴ በቴሌግራም ልኬለታለሁ፣ የቱ ዋግ የቱ ውሃ እንደሆነ ምልክት አድርጎ እስኪመልስልኝ እየጠበቅኩ ነው።