ሰንጢዬ መቁረጥ ጀመረች

ባለፈው ሰኞ ባቲ ነበርኩ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተቀምጬ የዲሽ ገመድ ስልጥ፣ ሰንጢዬ አንድ ዙር ዞራ ላስቲኩን ብቻ ቆርጣ ቆመች። ከሥሩ ያለውን የሽቦ መረብ አልነካችም። ታች የሰኞ ገበያው ጊሌ (የአፋር ጩቤ) በታጠቀ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ጣት በምታህል ሰንጢ ጣሪያ ላይ ብቻዬን እኩራራለሁ። ስለቷን መሳል እስክችል ስምንት ወር ፈጅቶብኛላ!

መነሻውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደሴ ውስጥ ዲሽ እተክላለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ፒንሳውንም ቢላውንም መጋዙንም ባንድ ላይ የያዘ ርካሽ ዕቃ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የዛገ ብሎን ስፈታበት የፒንሳው አፍ ተሰበረ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፤ ብሎን በመፍቻ ነው የሚፈታው። ከዚያ የአጎቴ ልጅ ከጅዳ ሲመጣ ያገለገለች ቪክቶሪኖክስ የምትባል የስዊስ ሰንጢ ሰጠኝ፣ ስፓርታን የምትባለዋን። ስትታጠፍ 91 ሚሊሜትር ናት፤ ኪስ ውስጥ መኖሯም አይታወቅ። የጠርሙስ መክፈቻዋ ሥር ሽቦ የሚላጥባት ስንጥቅ አላት። ስለቷ ግን ተዘርግታ አትቆለፍም። ስትወጉባት ጣታችሁ ላይ ትታጠፋለች። ጠባሳው አለኝ።

ሌዘርማን ይሻላል የሚሉኝ አሉ፤ ፒንሳና ቢላ ባንድ ላይ የያዘውን። የፈጠረው ሰውዬ፣ ቲም ሌዘርማን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር ኪሱ ውስጥ ቢላ ነበረው፣ ፒንሳ ግን አልነበረውም፤ ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ነው። እኔ ግን ፒንሳ ለብቻው ቦርሳ ውስጥ ይግባ ባይ ነኝ። አንዱ ሲሰበር ሌላው ይተርፋል። ደግሞ ከተማ ውስጥ የሰንጢ ስሟ ክፉ ነው። ባንክ በር ላይ ፈታሹ ፒንሳዬን ሲያይ «ሠራተኛ ነው» ብሎ ያሳልፈኛል፣ ሰንጢዋን ሲያገኝ ፊቱ ይለዋወጣል። ባንክ ስሄድ ቤት እተዋታለሁ።

አሁን ወደ ቁስሌ። መሳል!

ስትመጣ ዶልዱማ ነበር። ብየዳ ቤት ወስጄ ግራይንደር አስነካኋት። ብልጭታው ሲያምር! ጠርዟ ወደ ሰማያዊ ዞረ። ብረት እንዲያ ሲግል ጥንካሬው እንደሚሄድ የገባኝ ኋላ ነው። ሳምንት ቆረጠች፣ ከዚያ ቲማቲም የምትጨፈልቅ ሆነች። እባካችሁ ግራይንደር አታስነኩ።

ቀጥዬ ባለሁለት ፊት ድንጋይ ገዛሁ፤ ባንዱ ፊት 400 (ሻካራው)፣ በሌላው 1000 (ለስላሳው)። ሁለት ወር ፈተግኩ። ምንም የለም። ስለቱን ከድንጋዩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብለህ ያዝ ይላሉ፤ በምን ልለካው? የገላገለችኝ ማርከር ናት። ጠርዙን ጥቁር ቀባሁት፣ ሦስት ጊዜ ሳልኩና አየሁት። ቀለሙ የለቀቀው ከጠርዙ በላይ ነው፤ ጠርዙ እንዳለ ጥቁር። ሁለት ወር ሙሉ ጠርዙ ድንጋይ ነክቶ አያውቅም ማለት ነው! እንዴት እንደተናደድኩ።

ጀርባዋን ትንሽ ቀና አደረግኩ። አሁን ባንዱ ወገን ስስላት በሌላው ወገን አውራ ጣት የምትይዝ ስስ ብረት ትወጣለች። (ጣታችሁን ከጀርባ ወደ ጠርዝ ሳቡት፤ በጠርዙ ርዝመት እንዳትሞክሩት።) እሷ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳትወጣ ስለቱን አትገልብጡ። እኔ ሲሰለቸኝ ነበር የምገለብጠው።

ያቺን ስስ ብረት ለማንሳት የሲኒ ቂጥን የሚያህል አላየሁም፤ ከሥሩ ያለው ሻካራ ቀለበት። እናቴ አቦል ጀባ ስትለኝ ጠጥቼ ሲኒውን ገለበጥኩና መሳል ጀመርኩ። «አንተ ልጅ፣ ዱዓ በሚደረግበት ቡና ላይ ብረት ትስላለህ?» አለች። «አብሽሪ እማ» ብላት አልበረደላትም። በነጋታው አንድ የተሸረፈ ሲኒ ለይታ ሰጠችኝ። አሁን ከድንጋዩ ጋር ነው የሚቀመጠው። መጨረሻ ላይ አሮጌ ቀበቶ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየሳብኩ በየወገኑ አሥር ጊዜ።

የባቲውን ግን ሳልጨርስላችሁ። ከኩራቴ በኋላ አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ፒንሳው ታች ስለቀረ መሰላል መውረድ ታከተኝና የገመዱን የመሃል ሽቦ በሰንጢዋ ቆረጥኩት። የርካሽ ገመድ ሽቦ ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ብረት ነው። ስለቷ ሁለት ቦታ ተሸረፈ። ዛሬ ማታ እንደገና 400 ላይ ነኝ። ጫፏ ጋ ያለው ኩርባም እስካሁን አልሳል ብሎኛል። እናንተ እሱን እንዴት ነው የምትይዙት?