ከወለሉ ስር ቋ ቋ የሚለው ነገር

ቅጥቅጥ አይሱዙን ወደ ቤትነት የቀየረ ሰው ጆሮው ይለወጣል። ሌላው ሬዲዮ ሲያዳምጥ እሱ ወለሉን ነው የሚያዳምጠው። የኔው ቅጥቅጥ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር፣ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስወርድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ በቀኝ በኩል «ቋ» ማለት ጀመረ። ድስት ነው እንዳልል ድስቶቹ ታስረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም ከስር ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም፣ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ከላዩ ያለው ሳጥን ግን እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ የተሰራ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዛቸው በየቦታው የተጠመጠመ ዩ ቦልት፣ እንደ U ፊደል የታጠፈ ቡሎን፣ ነው። ከኋላ በኩል ደግሞ በቡሎን የታሰረ ወፍራም ላሜራ አለ። ብረት ብረትን እንዳይበላ በመሃል እንጨት ይነጠፋል። አውቶቡስ እያለ ተሳፋሪው መድረሻው ላይ ይወርድለት ነበር። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ባትሪና የጋዝ ሲሊንደር ግን የትም አይወርዱም። የውሃው በርሜል ብቻ 200 ሊትር ይይዛል። ሲሞላ 200 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ያውም ፍሬን ሲያዝ የሚላጋ 200 ኪሎ። ያለውም ከኋላ በቀኝ በኩል ነው።

ተክለሃይማኖት አካባቢ ወዳለው ጋራዥ ወሰድኩት። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እኔም አብሬ ካልገባሁ አልኩ። «ልብስሽ ይበላሻል» አሉኝ። ይበላሽ። መጀመሪያ ግን ጎማው ላይ ታኮ ተደረገ፣ ሻንሲው ስር ብረት ማቆሚያ ገባ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር የሚገባ ሰው ሳይ እስካሁን ሆዴ ይገለባበጣል።

ስሩ ስንገባ ባትሪ እያበራን ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ደህነኞቹ አቧራ ለብሰው ዝም ብለዋል። የላላው ግን ራሱን ያሳብቃል። ዳዶው፣ ቡሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ማጥበቂያ፣ ዙሪያውን ቡና የመሰለ ቀይ የዝገት ዱቄት አለ። ከዳዶው ስር ያለው ቀለበት፣ ሮንዴላው፣ የተንሸራተተበት ቦታ ደግሞ ተፍቆ እንደ አዲስ ብረት ያበራል። ጋሼ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ድፍን ይላል። ባለ አስር ብር ኖት አጥፌ በእንጨቱና በሻንሲው መሃል ብሰደው ሰተት ብሎ ገባ።

እዚህ ላይ ተከራከርን። የጋሼ ረዳት ቁልፉን ይዞ ሊያጠብቅ ተነሳ። ጋሼ ደግሞ «ልጄ፣ አጥብቀን ዳዶው ላይ ነጥብ ብየዳ ብንመታበት ዕድሜ ልኩን አይነቃነቅም» አሉ። እኔ አልፈለግኩም። አንደኛ፣ እሳቱ አጠገብ እንጨት አለ፣ ከፍ ብሎ ደግሞ የጋዝ መስመር። ሁለተኛ፣ ብየዳ ጠንካራውን ብረት ያደክመዋል። ሦስተኛ፣ ነገ ማጥበቅ ብፈልግ በግራይንደር ቆርጬ መጣል ነው የሚቀረኝ።

ከሁሉም በላይ ግን የላላው ቡሎኑ አልነበረም። እንጨቱ ነው የቀጠነው። ሳጥኑን የሰራው ሰው እርጥብ ባህር ዛፍ ነጥፎበት ኖሮ፣ እንጨቱ በበጋ ደርቆ ሟሸሸ። ቡሎን ስናጠብቀው በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ሁለቱን ብረት ጨምቆ የሚይዘው ያ ልጠጣ ነው። መሃሉ ያለው ነገር ሲቀጥን ልጠጣው ይጠፋል፣ መጋጠሚያው ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል። ጌርሃርድ ዩንከር የሚባል ጀርመናዊ መሃንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. በሙከራ እንዳሳየው፣ ዳዶን ከምንም በላይ የሚፈታው ይሄ የጎን መንሸራተት ነው። ስፕሪንግ ሮንዴላም ብዙ አያድንም። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ሮንዴላቸውን አየት አድርገው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ እንጨቱ ይቀየር ተባለ። ከፈረሰ ቤት የወጣ የጽድ እንጨት ገዛሁ። መሟሸሹን ድሮ የጨረሰ፣ ድርቅ ያለ። ሁሉንም በአንዴ ሳንፈታ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄድን ቀየርነው። ዩ ቦልቱ ሻንሲውን በሚያቅፍበት ቦታ ሁሉ ውስጡ ድጋፍ አስገባን፤ አለበለዚያ ሲጠብቅ የሻንሲው ከንፈር፣ ከላይና ከታች ወደ ጎን የወጣው ጠርዙ፣ ይታጠፋል። ጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ድጋፍ ከብረት ነው የተሰራው። እዚያ እንጨት ማስገባት እሳት መጥራት ነው። ሻንሲው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳ የሚል ሀሳብም መጥቶ ነበር። እሱን ጋሼ ራሳቸው ናቸው የተቆጡት። ከላይና ከታች ያለው ከንፈር አይበሳም፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለኋላው ላሜራ ቡሎን ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ባለሱቁ አንድ እፍኝ አወጣልኝ። ግማሹ ራሱ ላይ ምንም ምልክት የለውም። «ያው ነው እህቴ» አለኝ። ያው አይደለም። 8.8 የሚል የተጻፈበትን ነው የፈለግኩት። የመጀመሪያው 8 ብረቱ እስኪበጠስ ወደ 800 ሜጋፓስካል ጫና እንደሚችል ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ የዚያን 80 በመቶ እስኪደርስ ተለጥጦ እንደማይቀር። ውፍረቱ 12 ሚሊ ለሆነው ወደ 80 ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ጉልበት ይበቃዋል። አንድ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 8 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ነው። ረዳቱ በቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሊጎትት ሲል አስቆምኩት። ከልክ ያለፈ ቡሎን ያኔውኑ ባይበጠስም ተለጥጦ ይቀራል። ዳዶውንም ናይለን ያለበት አዲስ አደረግነው፤ አንዴ የተፈታውን መልሶ ማሰር አይበጅም።

ከዚያ ከቦርሳዬ ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣሁ። ከዳዶው ተነስቶ ብረቱ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን መስመር በእያንዳንዱ ላይ ሰመርኩ። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ቁልፍ ሳልይዝ በዓይኔ አየዋለሁ ማለት ነው። ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። አንዱ «ሜካፕ ተቀባ» አለ። ረዳቱ ግን ቆየት ብሎ መጣና ጠርሙሱን ይዞ «እትዬ፣ ይሄ ስንት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዲስ ስራ ከጭነት ጋር ቦታ ቦታውን መያዙ አይቀርም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ደርሼ ስመለስ እንደገና ስሩ ገባን። ቀዩ መስመር የትም አልተሰበረም፣ ዳዶዎቹ አልዞሩም። ቁልፍ ሲገባባቸው ግን ከኋላ ያሉት ዩ ቦልቶች ትንሽ ትንሽ መጥበቅ ተቀበሉ። እንጨቱ ተደላድሎ ነው። አሮጌውን መስመር በአሴቶን አጥፍቼ አዲስ ሰመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቸርችል ላይ ፍሬን ስይዝ የምሰማው የውሃውን መላጋት ብቻ ነው። በርሜሉን ወደ መሃል ማምጣት አለብኝ። ለዚያ ግን አልጋው መነቀል ስላለበት ከክረምት በፊት አልነካውም።