«እኔ ልሙት» ያልኩ ዕለት

ሰሞኑን አንዲት የአዲስ አበባ ጓደኛዬ በቴሌግራም የሦስት ደቂቃ ድምፅ ላከችልኝ። ባንክ ነው የምትሠራው። «ስሚ እንጂ፣ እናንተ አገር ሠራተኛ ሲከፋው መሥሪያ ቤቱ በነጻ የሚያናግረው ሰው ይፈልግለታል አሉ። እውነት ነው?» ትላለች። ቲክቶክ ላይ አይታ ነው። «እኛ ጋ እኮ ሲከፋሽ አለቃሽ ይጨምርበታል» ብላ ሳቀች።

እውነት ነው። ለእኔም ተፈልጎልኛል። እንዴት እንደሆነ ግን በድምፅ መልእክት የሚያልቅ አይደለም።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ። የነርስ ረዳት ነኝ። የሰው እናት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የራሴን እናት ግን አላጎረስኩም። አምና ፍልሰታ ጾም ገብቶ ሳለ አረፈች። መርዶውን ታውቁታላችሁ። ከሥራ ስመለስ የሕንፃችን ፓርኪንግ በማውቃቸው መኪኖች ተሞልቶ አየሁ። በሥራ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው። ከመኪናዬ ሳልወርድ ገባኝ።

3 ቀን ፈቃድ ተሰጠኝ። ለሐዘን ፈቃድ ስጡ የሚል የፌዴራል ሕግ እዚህ የለም፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አሠሪው ነው። «አቤት ጭካኔ» እንዳትሉ። የኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ነው። ልዩነቱ፣ አገር ቤት በአራተኛው ቀን ቢሮ ብትገቢ ማንም ከአንቺ ሥራ አይጠብቅም። አለቃሽ ራሱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም ነበራ! እኔ በአራተኛው ቀን 11 ሰው ተመደበልኝ። ሱፐርቫይዘሬ ጥቁር ሻሼን አየችና «በጣም ያምርብሻል» አለችኝ። ከልቧ ነው፣ ክፋት የላትም።

ረፋድ ላይ ለአንዲት የ91 ዓመት አሮጊት ሻይ ሳቀርብ እጄ ተንቀጠቀጠና ጉልበታቸው ላይ ደፋሁት። ደግነቱ ቀዝቅዟል። «እኔ ልሙት!» አልኩ ደንግጬ። ፈዘው አዩኝ። አልገባቸውም ብዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «ሌት ሚ ዳይ፣ ማማ! ሌት ሚ ዳይ!» ጉልበታቸውን እየጠረግኩ፣ ዕንባዬ እየወረደ። ቀና ስል ነርሷ በሩ ላይ ቆማለች።

20 ደቂቃ አልሞላም፣ ሴኩሪቲ መጣ። በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ ቦርሳዬን ራሱ ያዘልኝ። በኋላ ስረዳው ስለት ወይም ክኒን እንዳላወጣ ነው። ረጅሙን ኮሪደር እሱ ከጎኔ እየሄደ፣ ቦርሳዬ በእጁ፣ ምሳ በሚከፋፈልበት ሰዓት አቋረጥነው። የኪችን በር ላይ አንዲት ያገሬ ልጅ ትሪ ይዛ ደርቃ ቀረች። እንግዲህ ሐበሻ ዘንድ ሴኩሪቲ የሚያጅበው ሰው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማታ ስልክ ተደወለልኝ፦ «የወሰድሽው ነገር ካለ ዝም ብለሽ መልሺ፣ እኛ እናናግርልሻለን።» የእናቴ ሐዘን አንድ ነገር ነው። ያ ኮሪደር ግን እስካሁን ሌሊት እየመጣ ይቀሰቅሰኛል።

ኤችአር (የሰው ኃይል) ክፍል ውስጥ አንድ ሣጥን ሶፍት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ስልክ ጠበቁኝ። በስልኩ ውስጥ አማካሪዋ አለች። ኢኤፒ የሚሉት የሠራተኞች ድጋፍ ፕሮግራም ነው። እንግሊዝኛዬ ስለተወላገደ አስተርጓሚ አስገቡልን። ድምፁ የጠና ሰው ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት «የዕድራችን ሰው ቢሆንስ?» የሚለውን ነው። በዲሲ ዙሪያ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ቢያንስ አንድ ሰርግ ላይ አግኝታችሁታል።

ዘጠኝ ጥያቄ አሏት። ባለፉት 2 ሳምንታት የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል ወይ? «ጾም ነው።» እንቅልፍ ያስቸግርዎታል? «ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ ነው የምሠራው፣ መቼ ተኝቼ ያስቸግረኛል?» ዘጠነኛው ላይ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?»

ሳቅ አመለጠኝ። በአማርኛ እየኖርሽ ሳትሞቺ የምትውዪው ቀን አለ? እንግዳ ስናጎርስ «በሞቴ» ነው፣ እምቢ ካለ «አፈር ስሆን» ነው። ስንምል «አባቴ ይሙት» ነው። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» ነው። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ «አስተርጓሚው ማብራሪያ መስጠት ይፈልጋል» አለ። ስለራሳቸው እንደ ሌላ ሰው ነው የሚያወሩት፣ ደንባቸው ነው። «እኔ ልሙት» ማለት መሞት መፈለግ እንዳልሆነ፣ «ክፉ በአንቺ ፈንታ በእኔ ይሁን» እንደ ማለት መሆኑን አስረዳልኝ።

ታዲያ ለምን እንዳለቀስኩ ስትጠይቀኝ «እናቴ ሞታ» አልኩ።

መተርጎም ነበረበት። አልተረጎመም። «ውይ እቴ፣ ነፍስ ይማር» አለ። አማካሪዋ «ምንድን ነው ያልካት?» ብላ ጠየቀችው፣ ከራሱ መጨመር ለእሱ ክልክል ነው። ሰውየው ተንተባተበ። እኔ ደግሞ ሶፍቱን ጨረስኩት። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ነፍስ ይማር ሲባል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ አማካሪዋን አነጋገርኳት፣ ያለ ክፍያ። ልዋሽ አልችልም፣ ጠቀመኝ። ግን የጠቀመኝ ስለ እናቴ ያለችኝ አይደለም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምሠራ አስቆጠረችኝ። 72 ሆነ። «ሐዘንሽን የምታዝኚበት ሰዓት የትኛው ነው?» አለችኝ። ሁለት ደብል ተውኩ። ኪራዩ ጎደለ፣ እንቅልፉ መጣ።

መሥሪያ ቤታችንማ በጥቅምት የጤንነት ሳምንት አከበረ። ፒዛ ተገዛ። ጭንቀት ያስወግዳል የተባለ የጎማ ኳስ ታደለን፣ እጅ ውስጥ የሚጨመቅ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ቀርቶብን እያንዳንዳችን 14 ሰው ያዝን። ኳሱን የምጨምቅበት ትርፍ እጅ ከየት ይምጣ? አንድ ረዳት ቢቀጥሩ ኖሮ ኳሱ ይቅርብን ነበር።

እኛም ብንሆን ጉዳችን ብዙ ነው። ልባችን ሲሰበር «ጨጓራዬን» እንላለን። ሐኪሙ ሆዳችንን ሲመረምር ይከርማል። አማካሪ ጋ የሄደ ሰው «አበደች አሉ» ይባላል። ጸበሉን አልጠላም፣ እኔም ተጠምቄያለሁ። ግን ጸበል ደብል ሺፍት አያስቀርም።

ስለዚህ ዲቪ የደረሳችሁ፣ ልትመጡ ሻንጣ የምታዘጋጁ እህቶቼ፣ እኔ ዘግይቼ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። ስትቀጠሩ ከሚያስፈርሟችሁ የወረቀት ክምር ውስጥ ኢኤፒ የሚል ካለ ስልኩን ያዙት። የተናገራችሁትን ለአለቃችሁ አይነግሩም። ራስን ወይም ሌላ ሰውን የሚጎዳ ነገር ካልሰሙ በቀር ነው፣ ልብ በሉ። ሜሪላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ለየ30 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ ያጠራቅምላችኋል፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት። ሕመሙ የአእምሮም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለሚብስ በፈረንጆቹ የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ እስከ 12 ሳምንት ሥራችሁን ያስጠብቅላችኋል። ግን ደመወዝ የለውም፣ ዓመት መሥራትና 1,250 ሰዓት መሙላት አለባችሁ፣ ድርጅቱም 50 ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። የእውነት የመሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ፣ የ«በሞቴ»ው ሳይሆን የእውነቱ፣ 988 ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ይነሳል።

አስተርጓሚም ጠይቁ። «እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚለው ኩራት ምን እንደሚያመጣ አይታችኋል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ነገርኳት። «ታዲያ እኔ የት ሄጄ ልሠለፍ?» አለችኝ። አልሳቀችም።

አሮጊቷ አሁን 92 ዓመታቸው ነው። እኔ «ሌት ሚ ዳይ»ን ትቻለሁ። እሳቸው ግን ከኔ ለቅመው ሻይ ጠብ ባለ ቁጥር ጉንጫቸውን ይዘው «ኢኔ ሊሙት!» ይላሉ። ነርሷ እስካሁን አልሰማቻቸውም።