ሸክላ ያጠብኩበት ውሃ

ጣሊያን ሰፈር ባለው የእናቴ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ ከቡፌው ሥር፣ አባቴ ትቶልን ያለፈው የቆርቆሮ ሳጥን አለ። አምና መስከረም ላይ ስከፍተው አርባ ሦስት ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) የሙዚቃ ሸክላዎች አገኘሁበት። አብዛኞቹን ያሳተሟቸው አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋና ፊሊፕስ ናቸው። በእያንዳንዱ ሸክላ መሀል በተለጠፈው ወረቀት ላይ አባቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስሙን ጽፏል። ያኔ ሸክላ ከጎረቤት ጎረቤት፣ ከሰርግ ሰርግ ሲዋዋስ የሚውል ዕቃ ስለነበር ስም ያልተጻፈበት ወደ ባለቤቱ አይመለስም ነበር።

አንዱን አንስቼ ማጫወቻው ላይ አደረግኩት። የሰማሁት ዘፈን ሳይሆን ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ቆሎ ነው። መርፌውን ከፍ አድርጌ ጫፉን ሳየው ግራጫ ጥጥ የመሰለ ጉድፍ ተጠምጥሞበታል። በጨርቅ ደረቁን ብወለውለው ባሰበት፤ ጨርቁ ያፋተገው ሸክላ ብናኙን እንደ ማግኔት ሳበው።

እነዚህ ሸክላዎች የሚተኩ አይደሉም። የአምሃ ሪከርድሱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ ገባበት። ከዚያ ወዲህ የነበረው የሸክላ ዘመን አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ካሴት መጣና ቦታውን ወሰደው። ስለዚህ እጄ ላይ ያሉት ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ አንዴ ከተበላሹ በቀላሉ የማይገኙ ናቸው። ማጠቢያውን ፈሳሽ ራሴ ለማዘጋጀት የተነሳሁትም ለዚህ የተሠራውን ዕቃ ፒያሳም መርካቶም ፈልጌ ስላጣሁት ነው።

መጀመሪያ ቆሻሻው ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እናቴ ሳሎን ውስጥ በቀን ሁለቴ ቡና ትቆላለች፤ ዕጣንም ታጨሳለች። ዕጣን ሙጫ ነው፤ ጭሱ ያረፈበት ነገር ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይተዋል። የቡናው ጭስም ቅባት አለው። በዚያ ላይ አቧራ ሲያርፍበት ይጣበቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ ሰፈሩን ያለበሰው አቧራ እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ሳጥኑ ወለል ላይ ስለተቀመጠ በክረምቱ እርጥበት አንዳንዶቹ ላይ ነጫጭ የሻጋታ ነጥቦች ወጥተዋል። ቅባት፣ አቧራ፣ ሻጋታ። ደረቅ ጨርቅ አንዱንም አያነሳም።

ምክር አልጎደለብኝም። አንዱ በነጭ ጋዝ ወልውለው አለኝ፤ ሌላው ጥሩ አረቄ ይበቃዋል አለ። ነጭ ጋዝ የነካው ዕቃ ላይ ቅባት ጥሎ እንደሚሄድ ፋኖስ የሞላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አልሞከርኩትም። አረቄውንም ውስጡ ከአልኮል ሌላ ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ተውኩት። የሞከርኩት ቤት ውስጥ የተረፈውን የእጅ ሳኒታይዘር ነው። ፈሳሹ አልኮል ስለሆነ ይበቃል ብዬ ነበር። ሸክላው ሲደርቅ አብረቀረቀ፣ ሳጫውተው ግን ድምፁ የታፈነ ሆነ። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ሳኒታይዘር እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ውስጥ ራሱ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን አለ። ግሊሰሪን አይተንም፤ አልኮሉ ሲሄድ እሱ ቦዩ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ቦዩ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። መርፌው የሚሄድበት የሸክላ ቦይ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሃያኛ ገደማ ነው፤ ከፀጉር ዘለላ አይበልጥም። ድምፁ የተቀረጸው በዚህ ቦይ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ የሚቀር ማንኛውም ነገር፣ የሳሙና ትራፊም ይሁን የውሃ ጨው፣ መርፌው ሲያልፍበት ይሰማል። ስለዚህ ጥያቄው ቆሻሻውን ምን ያወጣዋል ብቻ አይደለም፤ ያወጣው ነገር ራሱ ምን ትቶ ይሄዳል የሚለውም ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ከሁሉ በፊት የመረመርኩት ውሃውን ነው። የመታጠቢያ ቤት መስተዋት አግድሜ አስቀመጥኩና በሲሪንጅ ሦስት ጠብታ ጣልኩበት፤ አንዱ ከሮቶ የቀዳሁት፣ አንዱ የታሸገ የመጠጥ ውሃ፣ አንዱ የተጣራ የባትሪ ውሃ። በማግስቱ ጠዋት መስኮት አጠገብ ወስጄ በብርሃን አየሁት። የሮቶው ውሃ ጠርዙ የወፈረ ነጭ ቀለበት ጥሏል፤ መሀሉ ላይ የደለል ነጥብ አለ። የታሸገው ውሃ ቀለበቱ ቀጠን አለ እንጂ አልቀረም፤ ጠርሙሱ ላይ የተዘረዘሩት ማዕድናት ናቸው። የባትሪው ውሃ ያረፈበትን ቦታ ግን ለማግኘት መስተዋቱን ማሽተት እስኪቀረኝ ድረስ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ሰንብቶ በሚወርድ ውሃ ሸክላ ማለቅለቅ በአንድ እጅ አጥቦ በሌላው ማቆሸሽ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ካደረግኩት ሁሉ ለድምፁ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ የውሃ ለውጥ ነው።

የባትሪ ውሃ ከነዳጅ ማደያና ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ አንድ ነገር ግን አደራ። እዚያው መደርደሪያ ላይ ተመሳሳይ ጀሪካን ውስጥ የባትሪ አሲድ ይሸጣል። ጽሑፉን አንብቡ፤ ሻጩንም ጠይቁ፤ ቤት ስትደርሱም ከመጠቀማችሁ በፊት ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ጠብ አድርጉ። አረፋ ከወጣው አሲድ አለበት፤ አትንኩት። ሶዳውን ከቤኪንግ ፓውደር ጋር አታምታቱ፣ ፓውደር በንጹሕ ውሃም አረፋ ያወጣል።

ቀጥሎ ሳሙና። የተጣራ ውሃ ብቻውን ሸክላ ላይ ጠብ ሲል እንደ ጎመን ቅጠል ጤዛ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ወደ ቦዩ አይወርድም። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ሲገባበት ግን ያው ውሃ ይዘረጋል፣ ይሰርጋል። ሳሙናው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ለአረፋ አይደለም። መጀመሪያ ቀን በክዳን ሞልቼ ጨመርኩና አረፋውን ለማስለቀቅ አራቴ ማለቅለቅ ግድ ሆነብኝ። አሁን ለአንድ ሊትር አራት ጠብታ ነው፣ ያውም ቀለምና ሽታ ከሌለው ወይም ካነሰው ሳሙና።

አልኮሉ የጭሱን ቅባት ለማላቀቅ ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅም ያግዛል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ ነው። እኔ የፈለግኩት ድብልቁ ውስጥ 20 በመቶ ንጹሕ አልኮል እንዲኖር ስለሆነ ሂሳቡ እንዲህ ይመጣል፤ ለአንድ ሊትር 286 ሚሊ ሊትር አልኮል፣ ቀሪው 714 የተጣራ ውሃ፣ ከዚያ አራቱ ጠብታ ሳሙና። ባለ 96 በመቶ ካገኛችሁ 208 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ስትቀላቅሉ ከሰል ከተያያዘበት ቤት ራቁ። እኔ መጀመሪያ ቀን ጠርሙሱን የከፈትኩት ቡና እየተቆላ ነበር፤ እናቴ ናት ተቆጥታ በረንዳ ላይ ያስወጣችኝ፤ ትክክል ነበረች።

በዚህ ድብልቅ የአባቴን ሸክላዎች አንድ በአንድ ማጠብ ጀመርኩ፤ ደስ የሚል ውጤት መጣ። ወሬው ግቢ ውስጥ ተሰማና ጎረቤታችን እትዬ ስድስት ትልልቅ ሸክላዎች በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። ሲያከራዩዋቸው የነበሩ ግሪኮች አገር ለቀው ሲሄዱ ትተውላቸው የሄዱ ናቸው። ከባድ፣ ወፍራም፣ በግሪክ ፊደል የተጻፈባቸው፤ ዳርቻው ላይ 78 ይላል። «አንተ ታውቅበት የለ፣ እጠብልኝ» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ፎጣ ላይ አጋድሜ ድብልቁን አፈሰስኩበት፤ ጨርቄን በቦዩ አቅጣጫ አዞርኩት። ጨርቁ ጠቆረ። ቆሻሻው እየወጣ ነው ብዬ ደስ አለኝና ጨመርኩበት። ሁለተኛ ጨርቅ፣ እሱም ጠቆረ። ሦስተኛውን ሳነሳ ሸክላው ፊቱ ላይ ብርሃን የሚያበራው አንጸባራቂነት ጠፍቶ እንደ ሰሌዳ ደብዝዟል፤ ጣቴን ባሳርፍበት አጣበቀኝ። ጨርቁ ላይ ያለው ቆሻሻ ሳይሆን ሸክላው ራሱ ነበር።

ያሳሳተኝ ስሙ ነው። እኛ ሁሉንም ሸክላ እንላለን። የአባቴ ባለ 45ዎች ግን ፕላስቲክ ናቸው፤ ቪኒል። ባለ 78ቶቹ የተሠሩት ከሌላ ነገር ነው፤ ላክ የምትባል የእስያ ነፍሳት ከምታመነጨው ሙጫ፣ ከድንጋይ ዱቄትና ከጥላሸት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። ይህ ሙጫ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። አናጺዎቻችን ቁም ሳጥን የሚቀቡት ጎመላካ ራሱ ይህ ሙጫ አልኮል ውስጥ ተሟሙቶ ነው። ጎመላካ ሲቀባ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።

ማታውን እትዬ ቤት ሄጄ ሸክላውን በእጄ ይዤ የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ይህንን ሳልሰማው ነው የኖርኩት፤ ማጫወቻም የለኝ» አሉ። ቆየት ብለው «የቀሩትን ግን ስትደርስበት እጠብልኝ» አሉኝ። አምስቱን ለመንካት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጠርሙስ አለኝ። አንደኛው አልኮል ያለበት፣ «45 እና 33 ብቻ» የተጻፈበት። ሁለተኛው የተጣራ ውሃና ሁለት ጠብታ ሳሙና ብቻ፣ ለ78። ለቪኒልም ቢሆን አልኮል የግድ አይደለም። የአሜሪካው የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለሸክላ ስብስብ የሚመክረው አልኮል የሌለበት፣ በተጣራ ውሃ የቀጠነ ለስላሳ ማጽጃ ነው። እኔ አልኮሉን ያላስቀረሁት የዕጣኑ ሽፋን ያለ እሱ አልለቅ ስላለኝ ነው፤ ጭስ በሌለበት ቤት የኖረ ሸክላ ቢሆን ሁለተኛው ጠርሙስ ይበቃኝ ነበር። ሸክላችሁ የትኛው እንደሆነ ካጠራጠራችሁ ደግሞ አልኮል አታስነኩት። ባለ 78ቱ ከበድ ይላል፣ አይታጠፍም፣ በጥፍር ሲመቱት እንደ ሳህን ይጮኻል።

አጠባው ራሱ ብዙ ጥበብ የለውም። መሀሉ ላይ ያለውን ወረቀት በሁለት የፕላስቲክ ክዳን መሀል አጣብቄ፣ ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ በገዛሁት ጎሚኒ ውሃ እንዳያስገባ አደርገዋለሁ። ይህን የለመድኩት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱ ሸክላ ላይ አልኮሉ አልፎ የአባቴን ስም ነካው፤ ሰማያዊው ቀለም ተሰራጨና የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ጠፉ። ያንን ሸክላ አሁንም ሳነሳው ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው።

ፈሳሹን አፍስሼ አንድ ደቂቃ አቆየዋለሁ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ በቦዩ አቅጣጫ ሦስቴ ወደ ቀኝ፣ ሦስቴ ወደ ግራ። ከመሀል ወደ ዳር መጥረግ ቦዩን ማቋረጥ ነው፤ አይደረግም። ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ሁለቴ አለቀልቃለሁ፤ ለአንድ ሸክላ መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ይወስዳል። በማይክሮፋይበር ጨርቅ አድርቄ ሳህን ማድረቂያው ላይ አቆመዋለሁ። አሮጌ ነጠላም ሞክሬ ነበር፤ ልስላሴው ጥሩ ነው፣ ክሩ ግን ይቀራል። ለ78 ብሩሹን ቀለል አድርጌ፣ ሳልዘፈዝፍ፣ ወዲያው አደርቃለሁ። የደረቀውን ወደ አሮጌው የወረቀት ከረጢት መመለስ ድካሙን ማፍረስ ነው፤ የሃምሳ ዓመት አቧራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የድሮውን ከረጢት ለታሪኩ ለብቻው አኑሬ ሸክላውን በአዲስ ስስ ላስቲክ አለብሰዋለሁ።

ጭረትን ምንም ፈሳሽ አያድነውም። ከአርባ ሦስቱ ሰባቱ ከታጠቡም በኋላ ይንጣጣሉ፤ እነሱን ጊዜና የደነዘዘ መርፌ ጎድቷቸዋል። የቀሩት ግን ተናገሩ። አንዱ ላይ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል፤ እናቴ ከማዕድ ቤት «ማን ገባ?» ብላ ጠየቀች። የእትዬ አምስቱም ደህና ወጡ፤ ማጫወቻው እኔ ጋ ስለሆነ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ መጥተው ይሰማሉ።

የቀረኝ ነገር ጭሱ ነበር። ታጥበው ሳሎን ውስጥ ከተቀመጡ በዓመቱ እዚያው መመለሳቸው ስለሆነ ለእናቴ ቡናውን በረንዳ ላይ ብናደርገውስ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ዕጣኑን ጨመረች። ረከቦቱ ከቦታው አልተነሳም። ሸክላዎቹን ከነሳጥናቸው ወደ መኝታ ቤት አዛወርኳቸው፤ ከወለሉ ከፍ አድርጌ፣ አቁሜ ደረደርኳቸው፤ በሩን ቡና ሲቆላ እዘጋዋለሁ።