«መሬት ላይ ቆሞ ነው እንዴ የሚፈትኑህ?»

ኢሜይሉ የደረሰኝ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ታክሲዬ ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ነው። አንድ አየር መንገድ ለአብራሪነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረስኩ፦ የቦይንግ 737 ሲሙሌተር ፈተና አለ። እኔ ደግሞ ጄት ነክቼ አላውቅም። ያለኝ 1,500 የበረራ ሰዓት ነው። እሱም ከሞላ ጎደል ሁሉም ቨርጂኒያ ማናሳስ ላይ፣ ሴስና 172 በምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ ያጠራቀምኩት።

አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን 1,500 ሰዓት የሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ በደረሰው አደጋ 50 ሰው ከሞተ በኋላ የመጣ ሕግ ነው። የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በረው ነበር፤ ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ግን ሕግ ነው፣ ቀን እያስተማርኩ ማታ ታክሲ እየነዳሁ ሞላሁት።

ለእናቴ ደብረ ብርሃን ደወልኩላት።

«ፈተናው በአውሮፕላን ነው?»

«አይ እማዬ፣ አውሮፕላን በሚመስል ሳጥን ነው።»

«መሬት ላይ ቆሞ ነው እንዴ የሚፈትኑህ? ታዲያ ምን ያስፈራል!»

የሚያስፈራውን እንዴት ላስረዳት? ሴስና ለማረፍ ስትቃረብ በ65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ 737 በ140 አካባቢ። ሰው ሁሉ ፍጥነቱ ይመስለዋል። ዋናው ጣጣ ግን እጅ ነው። ሴስና ጋዝ ስትሰጣት ወዲያው ትሰማሃለች። የጄት ሞተር ዝቅ ካለበት ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። አልሰማኝም ብለህ ትጨምራለህ፣ ይበዛል። ትቀንሳለህ፣ ያንሳል። በዚያ ላይ ሞተሮቹ ከክንፉ ሥር ስለተንጠለጠሉ ጉልበት በጨመርክ ቁጥር አፍንጫው ሽቅብ ይላል።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ጡረታ የወጡ አንድ አብራሪ አሉ፣ ጋሼ የምንላቸው። ቡና ይዘን ተቀመጥን። «ጠቋሚውን እየተከተልክ አታባርረው» አሉኝ። «አፍንጫውን አስቀምጥ፣ ጉልበቱን አስቀምጥ፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ።» በሂሳብ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ፦ በ210 ኖት ቀጥ ብሎ ለመብረር አፍንጫ 5 ዲግሪ ገደማ፣ ጉልበት 55 ከመቶ አካባቢ። እንደ ክብደቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ያቺን ደረሰኝ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣታለሁ።

እውነተኛ ሲሙሌተር ለመከራየት በሰዓት ብዙ መቶ ዶላር ነው። የቻልኩት ሁለት ሰዓት ብቻ። የቀረውን ቤት ጨረስኩት። የኮክፒቱን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ባለቤቴ ሽንኩርት እያቁላላች ድንገት «ግራ ሞተር ጠፋ!» ትላለች፤ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ፣ አፍንጫው ወደ ጠፋው ሞተር እንዳይዞር፣ በቀኝ እግሬ ምንጣፉን እንደ ፔዳል እረግጣለሁ። አንዳንዴ ሆን ብላ ሌሊት ትጠራዋለች። የኮምፒውተር ጌምም ሞክሬ ነበር። ዓይንን ያለማምዳል፣ እጅን ግን ያበላሻል ባይ ነኝ።

የመውረጃ ስሌቱን የተለማመድኩት ታክሲ እየነዳሁ ኢንተርስቴት 66 አውራ ጎዳና ላይ ነው። ከፍታህን በሺህ ወስደህ በ3 ብታበዛ መውረድ የምትጀምርበትን ርቀት ይሰጥሃል፤ ከ10,000 ጫማ ለመውረድ 30 ማይል። የምትወርድበት ልክ ደግሞ ፍጥነትህ ሲባዛ በ5፤ በ140 ኖት፣ 700 ጫማ በደቂቃ። ጂፒኤሱ «መውጫው 9 ማይል» ሲል «ሦስት ሺህ!» እላለሁ። አንድ ተሳፋሪ ዋጋው መስሎት ደንግጧል።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አነሳሁ፣ ሞተር አጠፉብኝ፣ እግሬ ሳላዘው ሄደ። በልቤ ባለቤቴን አመሰገንኩ። ችግር የመጣው ለማረፍ ስወርድ ነው። ከመውረጃው መስመር በላይ ሆንኩ፣ ጉልበት ቀነስኩ፣ ከዚያ ከሥር ገባሁ። ማባረር ጀመርኩ። ከ1,000 ጫማ በታች ያልተረጋጋ አውሮፕላን አይታረፍበትም። ፈታኙ ዝም ብሏል። «ጎ አራውንድ» አልኩ፣ ማረፉን ትቼ እንደገና ልነሳ ማለት ነው፣ ድምፄ ቀጥኖ። ጉልበቱን ስከፍት አፍንጫው እንደተባለው ተነሳ፤ ጠብቄው ስለነበር ያዝኩት። በሁለተኛው ሙከራ ጋሼ እንዳሉት እጄን ሰብስቤ ወረድኩ። ያረፍኩት ጎማው ይቅርታ እስኪጠይቅ ቢሆንም አረፍኩ።

ስንወጣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ወድቄያለሁ ብዬ ደመደምኩ። ፈታኙ የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መጀመሪያ ላይ ለምን አላረፍክም?» «አልተረጋጋሁም ነበር» አልኩት። ጻፈ።

መልሱ በ11ኛው ቀን መጣ። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። እልልታዋን አቅልጣ ስትጨርስ፦

«ለመሆኑ በዚያ ሳጥን የት ደርሰህ መጣህ?»

«የትም እማዬ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ።»

«ይኸው! ብዬህ አልነበር?»