ተማሪዎቼን ይዤ ከድሬ ዳዋ ጅቡቲ

ድሬ ዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ተማሪዎቼ ለፈተና ይሸመድዱታል። ከተማቸው ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ስለደረሰ ነው። ባሕሩን ግን አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም ነበር። የ10ኛ ክፍል ልጆችን ይዤ ለመሻገር የወሰንኩት ለዚህ ነው።

የወረቀቱ ጣጣ ብዙ ነው፦ ፓስፖርት፣ በውልና ማስረጃ የጸደቀ የወላጅ ፈቃድ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ። ከወራት በፊት ካልተጀመረ አይደርስም። ገንዘቡን በተመለከተ ግን አቋም አለኝ፤ የከፈለ ብቻ የሚሄድበት ጉዞ ሽርሽር እንጂ ትምህርት አይባልም። ወላጆች በየወሩ እንደ ዕቁብ እያዋጡ፣ ለጎደለበት ሌሎቹ ሞሉለት።

ከመነሳታችን በፊት ለየቡድኑ አንድ ነገር አከፋፈልኩ፦ ውሃ፣ መብራት፣ ጫት፣ ማዳበሪያ፣ ጨው። ሥራቸው የደረሳቸው ነገር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ ሰው እየጠየቁ መከታተል ነበር። «ጅቡቲን ጎብኙ» ብዬ ለቅቄያቸው ቢሆን ኖሮ ሰልፊ ተነስተው ይመለሱ ነበር።

ጥርን የመረጥነው በሙቀቱ ምክንያት ነው፤ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የድሬ ልጅም አይችለውም። ባቡሩ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ድሬ ዳዋ ተነስቶ፣ በደወሌ ድንበሩን አልፎ ነጋድ፣ የጅቡቲ ከተማ ባቡር ጣቢያ፣ ይወርዳል። ልጆቹ ከፍታውን በየጣቢያው እየመዘገቡ ግራፍ ሠሩ። ግራፉ የተጠናቀቀው ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ ዳር፣ ጨው ላይ ቆመው ነው። ወደዚያ ስንሄድ «ኢት» የሚል ሰሌዳ የለጠፉ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ አየን። የማዳበሪያው ቡድን ሻይ ቤት ያገኛቸውን ሾፌሮች ስለ ጭነት ወረፋ ጠይቆ ከወደብ ጉብኝቱ የበለጠ ቁም ነገር አገኘ ብል አላጋነንኩም።

ሰዓት ማወቅ ግድ ነው። አርብ ሥራ የለም። ጫቱ ከእኛ አገር ደርሶ ከተማው ውስጥ ከተሠራጨ በኋላ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቁም ነገር የሚያወራ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ቃለ መጠይቁን ሁሉ ጠዋት ጨርሰን ከሰዓት የየመኖቹን የተንዱር ዓሣ እንበላለን። (የጫቱ ቡድን ይህን እንደ ግኝት መዝግቦታል።) ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን አካባቢ ፎቶ ማንሳት ችግር ያመጣል፤ ስለዚህ ደብተርና እርሳስ አስያዝኳቸው። ክሬን ለመሳል የተቀመጠ ልጅ ኮንቴይነሩ እንዴት እንደሚያዝ አስተውሎ ያያል። አሁን ፎቶ በሚፈቀድበት ቦታም ቢሆን መጀመሪያ አስላለሁ።

በክፍል ውስጥ አማርኛው ስለሚከብዳቸው እጃቸውን የማያወጡ፣ ቤታቸው ሶማሊኛ የሚነገር ልጆች አሉኝ። ጅቡቲ ላይ ሁሉም ቡድን እነሱን ይሻማ ጀመር። «አዴር» (አጎቴ) ብለው ቀርበው ከሽማግሌዎች ጋር ሲጨዋወቱ፣ ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጡት ልጆች «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያሉ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። የቡድን መሪ የምመርጥበት መስፈርት ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል።

የውሃው ቡድን በከተማው ቧንቧ ከሚፈሰው ውሃ የተወሰነው በድሬና በድንበሩ መካከል ካሉት ከሐደጋላ ጉድጓዶች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር፤ የቤት እመቤቶቹን ስለ ጣዕሙና ስለ መቆራረጡ ጠየቀ። የመብራቱ ቡድን ደግሞ አንድ ባለሱቅ ዘንድ ገባ። በድሬ ዳዋ በኩል የሚያልፈው መስመር ጅቡቲን ከእኛ ኃይል ጋር ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰውዬው የሚከፍለውን ሒሳብ ሲነግራቸው፣ ከእኛ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ደነገጡ። ከዚያ እሱ በተራው ጠየቃቸው፦ «ከእናንተ የሚመጣ ከሆነ እናንተ ጋ ለምንድን ነው የሚጠፋው?»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር?» አሉ። የማመንጨትን፣ የማስተላለፍንና የማከፋፈልን ልዩነት የዘንድሮውን ክፍል የማስጀምረው በባለሱቁ ጥያቄ ነው፤ ከመብራት ኃይል አንድ ቴክኒሻን እንዲያስረዳን ደብዳቤ ጽፈናል።