ጅማ፣ በሲኒ ማጠቢያ ውሃ

ጅማ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። እዚያ ፊዚክስ ማስተርሱን ይማራል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልቂጤ ወዲያ የጊቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ዳገቱን ስንጨርስ በረደን፣ ስንደርስ ደግሞ ያው የጅማ ዝናብ።

ከመናኸሪያ የያዝነው ባጃጅ አሮጌ ሲዲ አንጠልጥሏል። ፀሐይ ብቅ ስትል ጣሪያው በቀለም ተጥለቀለቀ። «ለጌጥ ነው» አለ ባለ ባጃጁ። የአክስቴ ልጅ ግን ጀመረው። ሲዲው ላይ ያሉት መስመሮች በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት ስለተደረደሩ እያንዳንዱን ቀለም በየፊናው ይልኩታል። «የኔም ጥናት የዚህ ዘመድ ነው» አለኝ።

ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን፤ የእንጨት ሥራው ያስቀናል። ወሬው የቀጠለው ግን ስንወርድ፣ ቡና ቤት በርጩማ ላይ ነው።

ስስ የወርቅ ሽፋን ላይ ከብርሃን ሞገድ ያነሱ ስንጥቆች ሲቀረጹ፣ ከሚያርፍባቸው ብርሃን የተወሰነው ከወርቁ ኤሌክትሮኖች ጋር ተያይዞ ገጹን ታክኮ ይነጉዳል። ፕላዝሞን ይሉታል። ችግሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል መሄዱ ነው። እንዴት ወደ አንድ ወገን ይነዳል?

ሁለት ጣቱን ሲኒ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነከረ። አንዱን ቀድሞ፣ ሌላውን ትንሽ ቆይቶ እያንቀሳቀሰ፣ በአንድ በኩል ሞገዶቹ ሲደማመሩ በሌላው ሲጣፉ ሊያሳየኝ። አልሆነም፤ ሞገዱ ከሳፋው ጠርዝ እየተመለሰ ተደበላለቀ። «ቡና ልትጠጡ ነው ወይስ በውሃዬ ልትጫወቱ?» አለች ቡና አፍዪዋ።

ሐሳቡ ግን ገባኝ። ስንጥቆቹ ሁለት ረድፍ ናቸው፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ያዘነበለ። ንዝረቱ እየዞረ የሚመጣ ብርሃን አንዱን ረድፍ ቀድሞ ይቀሰቅሳል፣ ሌላውን ሩብ ዙር ቆይቶ፤ ረድፎቹም የሞገዱን ሩብ ያህል ስለሚራራቁ አንድ ጎን ብቻ ይበረታል። የብርሃኑን አዟዟር ገልብጠው፣ አቅጣጫው ይገለበጣል። ወርቁን ማንም አልነካው! ይህን እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳየው የሃርቫርዱ የፌዴሪኮ ካፓሶ ቡድን ነው፤ የኛ ልጅ እንዲህ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያሰላው።

ነገ ቺፕ ውስጥ ይገባል ሲለኝ ግን አልተስማማንም። ወርቅ ላይ ቀይ ብርሃን የፀጉር ውፍረት ያህል እንኳ ሳይጓዝ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ስንከራከር በረካው ቀረበ፣ ቡና አፍዪዋም ሳፋዋን ወደ ጓዳ አሸሸች።